ደሙ ለምን ቀለም መሰለ?

ጥያቄ፦ «300» የተሰኘውን የስፓርታውያን ፊልም ቤቴ ሳየው እንቅስቃሴው እንደ ተከታታይ ድራማ ይሆንብኛል፤ ደሙም ቀለም ይመስላል። ችግሩ የቴሌቪዥኔ ነው? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ እንቅስቃሴው አዎ፣ ደሙ ግን አይደለም። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ምስል ያሳያል፤ ቴሌቪዥኑ መሃል መሃሉ ላይ የራሱን ምስሎች ሲጨምር፣ ቀስ ብሎ በድንገት የሚፈጥነው ያ ግሩም የውጊያ ምት ይጠፋል። ከምስል ማስተካከያው ገብተው እንቅስቃሴ ማለስለሻውን ያጥፉ፤ «ሲኒማ» የሚለውን ይምረጡ። ጥላው ሆን ተብሎ ስለጠቆረ የድሬዳዋ ፀሐይ በመስኮት ከገባ ብዙ ነገር አይታይም። ከመሸ ይዩት። የቴሌቪዥኑን ብርሃን መጨመር ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል እንጂ አይረዳም።

ደሙ በአብዛኛው በኮምፒውተር የተጨመረ ነው፤ የፍራንክ ሚለርን የሥዕል መጽሐፍ እንዲመስል። እንደ ሥዕል ሲያዩት ያምራል። ለታሪኩ ግን አይመኑት፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ውጊያው በተካሄደበት የግሪክ ጠባብ መተላለፊያ፣ ቴርሞፒላይ ላይ፣ ስፓርታውያን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከሌላ የግሪክ ከተማ የመጡ 700 ቴስፒያውያንም አብረዋቸው እንደቀሩ የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ጽፏል።