ሊጥ ማቡኪያው የቤት ዕቃ ተብሎ ሲመደብ

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ አነስተኛ ዳቦ ቤት አለኝ። በአንድ ጊዜ 25 ኪሎ ዱቄት የሚያቦካ ማሽን ከውጭ አስመጥቼ፣ የጉምሩክ አስተላላፊዬ በዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ በታሪፍ ቁጥር 8438 ለምግብ ማምረቻ ማሽነሪ በተሰጠው አንቀጽ አስመዘገበው። የጉምሩክ መርማሪው ግን «ይህ ማደባለቂያ ነው» ብሎ ወደ 8509፣ ወደ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አዞረውና የቀረጥ ልዩነት እንድከፍል ተጻፈልኝ። ማሽኑ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን ማስረዳቱ አይበቃም? በቅርቡ ሁለተኛ ማሽን ላዝ ስለማስብ ነገሩ አሳስቦኛል።

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም ክብደቱን ዋና መከራከሪያ እንዳያደርጉት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ለ8509 የተቀመጠው የ20 ኪሎ ጣሪያ በታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 85 ማስታወሻ ውስጥ በእርግጥ አለ፤ ይኸው ማስታወሻ ግን የምግብ መፍጫና ማደባለቂያዎችን ክብደታቸው ምንም ያህል ቢሆን ከጣሪያው ነፃ ያደርጋቸዋል። ክብደቱን ብቻ ይዘው ከቀረቡ መርማሪው ያንኑ መስመር አንብቦ ይመልስዎታል። የእርስዎ በር ከዚያ በፊት ያለው ሐረግ ነው፦ አንቀጹ የሚሸፍነው በተለምዶ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውሉ መሣሪያዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ ማስረዳት ያለብዎ ማሽንዎ በባሕርይው የዳቦ ቤት እንጂ የማድ ቤት መሣሪያ አለመሆኑን ነው። ክብደቱም ቢሆን ቦታ የሚኖረው የዚህ ባሕርይ አንዱ ምልክት ሆኖ ነው።

ለዚህም የማሽኑን የስም ሰሌዳ ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ ቀርበው ፎቶ ያንሱት፤ ባለ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ ሞተር ከሆነ በተራ ሰው ቤት መስመር እንደማይሠራ ሰሌዳው ራሱ ይመሰክራል። የሳህኑን መጠን፣ አምራቹ ማሽኑን ለማን እንደሚሸጥ የሚያሳየውን ካታሎግ፣ ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን፣ የንግድ ፈቃድዎንም ያያይዙ፤ ፈቃዱ ግን ስለ እርስዎ እንጂ ስለ ዕቃው ስለማይናገር ደጋፊ ብቻ ነው። የታሪፍ ቁጥሩ የመጀመሪያ ስድስት አሃዞች በዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሥርዓት ለአባል አገሮች ሁሉ አንድ ስለሆኑ፣ ሻጩ አገሩ ላይ ሲልከው ያስመዘገበበትን ሰነድ ማግኘት ቢችሉ ይጠቅማል፤ የእኛን ጉምሩክ ግን አያስገድድም።

ማመልከቻው ልመና እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ መሆኑ ያሳዝናል፤ ምደባውን ግን አይለውጥም። የተቃወሙትን ቁጥርና ትክክል ነው የሚሉትን ቁጥር ለይተው ይጻፉ፤ ከዚያም ምደባ የሚወሰነው በአንቀጾቹ ቃልና በክፍልና ምዕራፍ ማስታወሻዎች እንጂ በርዕሶች እንዳልሆነ ከሚደነግገው ከታሪፍ መጽሐፉ የመጀመሪያ የአተረጓጎም ደንብ ይነሡ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ ስለሚሰላ፣ ቀረጡ ሲስተካከል ታክሱም አብሮ እንዲስተካከል በዚያው ይጠይቁ።

ውሳኔው በጽሑፍ የደረሰዎትን ቀን መዝግበው ያስቀምጡ፤ ቅሬታው በጊዜ ገደቡ ውስጥ መቅረቡን የሚያረጋግጡት በዚያ ነውና። መጀመሪያ የሚያመለክቱት በጉምሩክ ኮሚሽን ውስጥ ቅሬታ ለሚያጣራው ክፍል ሲሆን፣ ካልረኩ ወደ ፌዴራል ግብር ይግባኝ ኮሚሽን፣ ቀጥሎም በሕግ ጥያቄ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የሕግ ስሕተትን ስለሆነ፣ ፎቶውና ካታሎጉ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር መዝገብ ውስጥ መግባት አለባቸው። ማሽኑ አሁንም መጋዘን ካለ ኪራዩ በየቀኑ ይከማችብዎታልና፣ ልዩነቱን በዋስትና አስይዘው እንዲያወጡት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሁለተኛውን ማሽን በተመለከተ፣ ከሻጩ ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ካታሎጉን አያይዘው ከጉምሩክ ኮሚሽን የታሪፍ ቅድመ ውሳኔ፣ ማለትም ዕቃው ከመምጣቱ በፊት በየትኛው ቁጥር እንደሚመደብ የሚገልጽ ውሳኔ፣ ይጠይቁ።