የቢ ኤም ደብሊው ዓርማ በእርግጥ ፕሮፔለር ነውን?

ጠያቂያችን «የቢ ኤም ደብሊው ሰማያዊና ነጭ ዓርማ በሰማይ ላይ የሚሽከረከር የአውሮፕላን ፕሮፔለር ነው ይባላል፤ እውነት ነውን?» ብለዋል። እኔም በጋራዥ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ለተለማማጆቼ እንደ እውነት ሳስተምር ስለ ኖርሁ፣ መልሴን የራሴን ስሕተት በማመን እጀምራለሁ። ዓርማው ሲፈጠር ፕሮፔለርን እንዲያሳይ ታስቦ አልተሠራም።

መነሻው ሌላ ዓርማ ነው። በሙኒክ ከተማ የነበረው የራፕ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ፣ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ሆኖ በመካከሉ የፈረስ ራስ ያለበት ምልክት ነበረው። ፋብሪካው በ1917 እ.ኤ.አ. ስሙን ለውጦ «የባቫሪያ የሞተር ፋብሪካዎች» ሲባል (ሦስቱ ፊደላት የዚህ ስም የጀርመንኛ ምሕጻር ናቸው) ቀለበቱን እንዳለ አስቀርቶ በፈረሱ ቦታ የባቫሪያን፣ ማለትም ሙኒክ የምትገኝበትን የጀርመን ግዛት፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለሞች አኖረ፤ ዓርማውም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ።

ሙኒክ ከመጣሁ በኋላ ያስገረመኝ የቀለሞቹ ቅደም ተከተል ነበር። የጋሻና የዓርማ ሥርዓት እንደሚያዝዘው ከላይ በስተግራ ተጀምሮ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሲነበብ፣ በባቫሪያ ቀለሞች ነጩ ይቀድማል፤ በመኪናው ላይ ግን የሚቀድመው ሰማያዊው ነው። ይህ የሠዓሊ ስሕተት አይደለም። የዘመኑ ሕግ የመንግሥት ዓርማን ለንግድ ምልክት መጠቀምን ይከለክል ስለነበር፣ ድርጅቱ የትውልድ ቦታውን ቀለም ገልብጦ በመጠቀም ክልከላውን አለፈው። ለእኔ ከፕሮፔለሩ ወሬ ይልቅ ይህ ብልሃት እጅግ የሚደነቅ ነው።

ወሬው ከየት መጣ? ከራሱ ከድርጅቱ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ባገኘው ፈቃድ የሚሠራቸውን የአውሮፕላን ሞተሮች ሲያስተዋውቅ፣ ዓርማውን በሚሽከረከር ፕሮፔለር ላይ አድርጎ አወጣው፤ በ1942 ደግሞ የድርጅቱ መጽሔት ታሪኩን ደገመው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ለማስተባበል እምብዛም አልተጣደፈም። እኔን ያሳመነኝ ግን ማስታወቂያው ሳይሆን በጎማው መሐል ያለው ክዳን ነበር፤ መኪናው ሲሄድ እዚያ ላይ ያለው ዓርማ በእርግጥ ይሽከረከራልና።

ሆኖም ወሬው ጨርሶ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራ የአውሮፕላን ሞተር ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ይህን ሥራ ስለከለከለው ወደ ሌላ ምርት ዞረ። በ1923 አር 32 የተባለውን ሞተር ሳይክል ለገበያ አቀረበ፤ የመኪና ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1928 በአይዘናኽ የነበረውን የዲክሲ ፋብሪካ ከገዛ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓርማው ከማናቸውም የቢ ኤም ደብሊው መኪና በዕድሜ ይበልጣል።

ምትክ ዓርማ የሚገዙ ከሆነ፣ ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ሲነበቡ ከላይ በስተግራ ያለው ሩብ ሰማያዊ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አስመስለው በተሠሩት ላይ ቀለሞቹ ተቀያይረው ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።