ቶንሲሏ ለወጣ ልጅ ምን ይሰጣታል?

እህቴ፣ የስድስት ዓመት ልጅሽ ቶንሲሏ በቀዶ ሕክምና ከወጣ አራተኛ ቀኗ እንደሆነ፣ ምግብ እንቢ እንዳለችና ጭራሽ ሕመሙ እንደባሰባት ጽፈሻል። አይዞሽ። የእኔም ልጅ በዚሁ አልፏል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ ጠንከር ማለቱ የተለመደ ነው። ጆሮዬን ካለችሽም አትደንግጪ፤ የጉሮሮው ሕመም በነርቭ በኩል ወደ ጆሮ ስለሚሰማ ነው።

ምግቡ ለጥቂት ቀን ቢቀንስ ግድ የለም። መጠጣት ካቆመች ግን ያሳስባል። ጉሮሮዋ በደረቀ ቁጥር ያማታል፣ ሲያማት ደግሞ መዋጥ ትፈራለች። እኔ ውሃ የምሰጠው በቡና ሲኒ ነበር። ትልቅ ብርጭቆ ሲያይ ያለቅሳል፤ ሲኒውን ግን ካርቱን እያየ ፉት ፉት ይለዋል። ወዲያው መልሼ እሞላለታለሁ።

ሐኪሙ ያዘዘላትን ማስታገሻ በሰዓቱ ስጪያት፤ እስክታለቅስ አትጠብቂ። ምግብ የምትሞክሪው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ነው። አስፕሪን ግን ደም ስለሚያፈስ በፍጹም።

ለእኛ የሆነልን ለብ ያለ ቀጭን አጥሚት፣ እርጎ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝና ፓፓያ ነው። አቮካዶ ጁስም ጥሩ ነው፤ ሎሚ እንዳይጨመርበት ብቻ ተጠንቀቂ፣ ቁስሉን ያቃጥላል። እንጀራም ለስላሳ ነው ብለሽ አትቸኩይ፣ ኮምጣጣነቱ ያማታል። በርበሬው፣ ቆሎውና ቺፕሱ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቅር። ዘመድ ጥየቃ ሲመጣ «ቀዝቃዛ እንዳትሰጪያት» ይልሻል። እሺ ብለሽ እለፊው። አይስክሬም ሕመሙን ያደነዝዝላታል፣ ሐኪማችንም የመከረን ይህንኑ ነው።

ጉሮሮዋ ላይ የምታዪው ነጭ ነገር መግል አይደለም፤ ቁስሉ ሲሽር የሚሸፍነው ቅርፊት ነው። በጥጥም በጣትም አትንኪው። አፏ መሽተቱም ከዚሁ ነው። ቅርፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይረግፋል፤ የደሙ ነገር የሚያሰጋውም ያኔ ነው። ቀይ ደም ከተፋች፣ ወይም ተኝታ ሳለ ቶሎ ቶሎ የምትውጥ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

አሁን ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ዛሬ ስንቴ ሸንታለች? ከጠዋት ጀምሮ ካልሸናች መልሴን ሳትጠብቂ ለሐኪሟ ደውይ።