ስኳሩ ሞልቶ ልጄ ለምን አቅም አጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ሲከሳ፣ ውሃ ውሃ ሲል ከርሞ ስኳሩ 410 ተገኘ። ኢንሱሊን ጀመረ። ስኳር ጉልበት ይሰጣል ይባል የለ? ደሙ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ለምን አቅም አጣ? ጎረቤቴ «መርፌው አንዴ ከተለመደ አይለቅም፤ የጫካ ማር በባዶ ሆዱ ስጪው» ብላኝ ሁለት ቀን አስቁሜው ነበር። ጣፋጭ ስለማበዛለት ይሆን የታመመው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እርስዎ አላሳመሙትም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ በድንገት የሚከሰት ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከከረሜላ አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሴሎች ሲያጠፋ ነው የሚመጣው። ይህን ሸክም ከልብዎ ያውርዱ።

ስኳር ደም ውስጥ እያለ ጉልበት አይሆንም። ሴል ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ለሁለት ይሰበራል፤ ከዚያ በኦክስጅን ይቃጠላል። ጉልበቱ ለሴሉ ይቀራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በትንፋሽ ይወጣል። ጡንቻው ስኳር እንዲያስገባ በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን ነው። ግቢው በቡና ጆንያ ተሞልቶ ቤቱ ከውጭ ቢቆለፍ፣ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ስኒ አያገኝም። የልጅዎም ነገር ይኸው ነው።

የራበው ሰውነት ታዲያ ስቡን ያነዳል፤ ደም ውስጥም አሲድ ይጠራቀማል። የምፈራው ይህን ነው። ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ዳገት እንደወጣ ሰው በረጅሙና ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። አፉ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ቤተሰብ «ጨጓራ ነው፣ ታይፎይድ ነው» እያለ ሽሮፕ ያጠጣል። ተረኛ ሳለሁ ሦስት ቀን እንዲህ የከረመች ልጅ አምጥተውልኝ፣ በሩን ከእሷ ቀድሞ የገባው ሽታዋ ነበር። ተርፋለች፤ ግን ለጥቂት። ይህን ካዩ እስኪነጋ አይጠብቁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢሆንም ባጃጅ ቀስቅሰው ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሁለት ቀን ማስቆምዎ ግን አናዶኛል፤ አልደብቅዎም። መርፌው ሱስ አይደለም። የእኔና የእርስዎ ቆሽት ቀን ከሌሊት የሚያመነጨውን ነው እሱ በመርፌ የሚወስደው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያሉ ልጆች አይተርፉም ነበር። ምግብ እንቢ ቢል እንኳ በራስዎ እንዳያስቆሙት፤ ሐኪሙን ያማክሩ። ያቋረጠበትንም ሁለት ቀን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ሽንቱ ለኬቶን፣ ማለትም ከስቡ ለሚመጣው ለዚያ አሲድ፣ ይታይለት።

ማሩ ከጌራ ጫካም ቢመጣ ስኳር ነው፤ ከአምስት እጁ አራቱ። ግን አይጣሉት። ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ፣ ራሱን ካልሳተ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልሱት። ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰው ይለኩት።