ለሙዚቃ ፋይል ስለምንከፍለው ዋጋ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከኢንተርኔት እየተገዛ ስለሚወርድ ሙዚቃ ዋጋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን፣ አሳጥረንና የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ከዚህ በታች አቅርበናል። ደብዳቤዎቹ ሲታዩ ስለ ገንዘብ መጠን የሚያማርሩ ይመስላሉ፤ ደጋግሜ ሳነባቸው ግን አብዛኞቹ ጸሐፊዎች የከነከናቸው፣ በከፈሉት ገንዘብ በትክክል ምን እንደገዙ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ እንደሆነ ተረድቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲዲ ስገዛ ፕላስቲኩም፣ የሽፋኑ ኅትመትም፣ የማጓጓዣውም፣ የሱቁ ኪራይም በዋጋው ውስጥ እንደተካተተ ይገባኛል። ፋይል ሳወርድ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም፤ እንዲያውም ኢንተርኔቱንም ሆነ ኮምፒውተሩን በራሴ ወጪ የማቀርበው እኔው ነኝ። ታዲያ ለአንድ አልበም ፋይል ከሲዲው ብዙም የማያንስ ዋጋ የምጠየቀው ለምንድን ነው? ባለቤቴ “ተታለሃል” ትለኛለች። እውነት ተታልያለሁ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ሂሳቡን ከፋፍለን ብናየው ይሻላል። አፕል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2003 የአይቲዩንስ የሙዚቃ መደብርን በአሜሪካ ሲከፍት 200,000 ያህል ዘፈኖችን እያንዳንዳቸውን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ለሽያጭ አቀረበ፤ በመጀመሪያው ሳምንትም አንድ ሚሊዮን ዘፈኖች ተሸጡ። ከዚያ 99 ሳንቲም ውስጥ 70 ሳንቲም የሚጠጋው ወደ ሙዚቃ አሳታሚው ኩባንያ የሚሄድ ሲሆን፣ መደብሩ በቀሪው የክፍያ ካርድ ኩባንያውን የአገልግሎት ዋጋ ጭምር ይሸፍን ነበር፤ ይህም ክፍያ ሽያጩ እጅግ ትንሽ በሆነ መጠን ከትርፉ ላይ የሚወስደው ድርሻ ከፍ ይላል። አሳታሚው በበኩሉ ለዜማና ለግጥም ደራሲዎች በአሜሪካ ሕግ የተወሰነውን፣ ለብዙ ዓመታት በ9.1 ሳንቲም ላይ ቆሞ የነበረውን ክፍያ ይከፍላል። ድምፃዊው የሚያገኘው ደግሞ በውሉ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አስቀድሞ የወሰደው ገንዘብ ከሽያጩ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ላይደርሰው የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው።

እርስዎ የዘረዘሯቸው ፕላስቲክና ወረቀት በዓይን የሚታዩ ወጪዎች በመሆናቸው፣ የዋጋው ዋና ክፍል እነርሱ እንደሆኑ አድርገን ማሰባችን አያስገርምም። ይሁን እንጂ ሲዲ በብዛት ሲታተም የፕላስቲኩ ወጪ ከመሸጫው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው። ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው የመጀመሪያው ቅጂ ከመዘጋጀቱ በፊት ሲሆን፣ እርሱም ለስቱዲዮ፣ ለአቀናባሪና ለተጫዋቾች፣ ለድምፅ ቅልቅል፣ ከዚያም ለማስታወቂያ የሚከፈለው ነው፤ ዘፈኑ በሲዲም ወጣ በፋይል ይህ ወጪ አይቀንስም። እውነትዎን የሚሆኑበት ቦታ ግን አለ፤ ፋይል መጋዘን አይፈልግም፣ ሳይሸጥ ቀርቶ ለአሳታሚው አይመለስም፣ ሺህ ጊዜ ቢቀዳም ተጨማሪ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ገንዘብ በሙሉ ወደ ገዢው ተመልሷል ብሎ የሚከራከር ሰው ቢያጋጥምዎ አይመኑት።

ዋጋን “ተገቢ” ወይም “ዝርፊያ” የምንልበትን ልማዳችንን በሚገባ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ኔች እና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት በዚህ ጥናት፣ የበረዶ መዛቂያ አካፋ በ15 ዶላር ይሸጥ የነበረ ነጋዴ ከከባድ በረዶ ማግስት ዋጋውን 20 ዶላር ቢያደርሰው ምን እንደሚሉ ሰዎችን ጠየቁ፤ ከመቶው 82 የሚሆኑት ድርጊቱ ተገቢ አይደለም ብለው መለሱ። የነጋዴው ወጪ ጨምሮ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ግን ሰዎች ይቀበሉታል። ይህን ወደ ሙዚቃ ስናመጣው፣ አሳታሚዎች ተፈላጊ ዘፈኖች ከፍ ባለ ዋጋ እንዲሸጡ ለዓመታት ሲወተውቱ የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2005 ስግብግብነት ነው ብሎ በአደባባይ ተቃውሟቸው ነበር፤ በ2009 ግን መደብሩ ራሱ ዋጋውን 69 ሳንቲም፣ 99 ሳንቲምና 1 ዶላር ከ29 ሳንቲም በሚል በሦስት ከፈለው። በወቅቱ እጅግ ተፈላጊ የነበሩ ብዙ ዘፈኖች ከፍተኛው ዋጋ ላይ ወጡ። ዘፈኑን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ግን በአንድ ሌሊት አልጨመረም፤ ስለዚህ አድማጩ አሳታሚዎቹን እንደ አካፋው ነጋዴ ቆጠራቸው። በእኔ አስተያየት፣ 99 ሳንቲምን “ትክክለኛ ዋጋ” ያደረገው ስድስት ዓመት ሳይነቃነቅ መቆየቱ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። የኮንሰርት መግቢያ ከፊት ወንበር ሲሆን እንደሚወደድ የሚያውቅና ያለ ቅሬታ የሚከፍል ሰው፣ በፋይል ላይ ሠላሳ ሳንቲም ሲጨመርበት የተቆጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ተታለዋል አልልም። ለባለቤትዎ ግን የከፈሉት ለዕቃ ሳይሆን ለሥራና ለፈቃድ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ የፈቃዱን ነገር ከዚህ በታች ባለው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ለሌላ ነገር ገንዘብ ሳወጣ ብዙ የምጨነቅ ሰው አይደለሁም። ለአንድ ዘፈን አንድ ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ለመክፈል ግን ጣቴን “ግዛ” የሚለው ቁልፍ ላይ አሳርፌ እቆያለሁ፤ ናሙናውን ሦስት ጊዜ አዳምጬ ብዙ ጊዜ ሳልገዛ እወጣለሁ። ስስታም ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ ስስት አይመስለኝም። አጠገብዎ በነጻ የሚገኝ ነገር ስላለ ነው። ክሪስቲና ሻምፓኒየር፣ ኒና ማዛርና ዳን አሪዬሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ፣ ጥሩ ቸኮሌት በ15 ሳንቲም፣ ተራ ቸኮሌት ደግሞ በ1 ሳንቲም ሲቀርብ ከገዢዎቹ አብዛኞቹ ጥሩውን መረጡ። ሁለቱም አንድ አንድ ሳንቲም ተቀንሶላቸው ጥሩው በ14 ሳንቲም፣ ተራው በነጻ ሲሆን ግን ምርጫው ተገለበጠ። የዋጋው ልዩነት ያው 14 ሳንቲም እንደነበር ልብ ይበሉ። ሰዎች የዘፈን ፋይል በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚለዋወጡበት ናፕስተር እ.ኤ.አ. በ1999 ብቅ ብሎ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከቆመበት ጊዜ ድረስ ሚሊዮኖችን ዘፈን በነጻ መውሰድ አለማመዳቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ማንኛውም የሽያጭ መደብር፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ፣ የሚወዳደረው ከዜሮ ጋር ሆነ።

በዚያ ላይ ሙዚቃ ደጋግመው ሲሰሙት እንጂ በሠላሳ ሰከንድ ናሙና ዋጋው የሚታወቅ ነገር አይደለም። ሰምተው ሲጨርሱት ደግሞ ቀድሞውኑ የእርስዎ የሆነ ይመስልዎታል። ደግሞም በነጠላ ሲገዙ ለእያንዳንዱ ዘፈን ለብቻው መወሰን ስላለብዎት፣ አሥር ዘፈን ማለት አሥር ጊዜ ማመንታት ነው። ወርኃዊ ክፍያ የሚጠይቁት የማዳመጫ አገልግሎቶች ይህን ማመንታት በወር ወደ አንድ ጊዜ ስላወረዱት ነው ገበያውን የወሰዱት፤ በአሜሪካ በማስታወቂያ የሚሠሩትን ጨምሮ ከማዳመጫ አገልግሎቶች በጠቅላላ የተገኘው ገቢ ከፋይል ሽያጭ ገቢ የበለጠው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ከአንድ የኢንተርኔት መደብር ከመቶ በላይ ዘፈኖች ገዝቼ ነበር። ኮምፒውተሬን ከቀየርኩ ወዲህ ፋይሎቹ አይከፈቱልኝም፤ መደብሩም ተዘግቷል። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ንብረቴ አይደለምን? የማልፈልገውን እንኳ እንደ አሮጌ ሲዲ ለሌላ ሰው መሸጥ እችል ይሆን?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሳነብ የራሴ ቁስል ተነካ። እኔም ስሙን ከማልጠራው አንድ መደብር የገዛኋቸው አርባ የሚሆኑ ዘፈኖች በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ስማቸውና መጠናቸው ሳይጎድል ተቀምጠዋል፤ አንዱን ስጫነው ግን “ይህን ፋይል ለማጫወት ፈቃድ የለዎትም” የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ የምወዳቸውን ሁለተኛ ጊዜ ገዝቻቸዋለሁ፤ ስገዛቸውም ዋጋቸው አልወደደብኝም፣ የተናደድኩት ሁለተኛ ጊዜ በመክፈሌ ነው።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልልቆቹ አሳታሚዎች ፋይሎቹ ካልተቆለፉ በስተቀር ለመሸጥ ፈቃደኞች አልነበሩም። ቁልፉ የሚከፈተው የመደብሩ ሰርቨር ኮምፒውተርዎን አውቆ ፈቃድ ሲሰጠው ነው፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ አዲስ ኮምፒውተር ፈቃድ የሚጠይቀው አካል ያጣል። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2008 የሙዚቃ መደብሩን ሲዘጋ ደንበኞቹ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

በዋጋ ረገድ ቁልፉ ምን ያህል እንደሚመዘን የታየበት አንድ አጋጣሚም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢኤምአይ የተባለው አሳታሚ ዘፈኖቹ በአይቲዩንስ ላይ ያለ ቁልፍ፣ የድምፅ ጥራታቸውም ከፍ ብሎ እንዲሸጡ ፈቀደ፤ የተቆለፈው 99 ሳንቲም ሲሆን ያልተቆለፈው 1 ዶላር ከ29 ሳንቲም ነበር። ቀድሞ የተቆለፈውን የገዛ ሰውም 30 ሳንቲም ጨምሮ ያልተቆለፈውን መውሰድ ይችል ነበር። አንድ ሰው የገዛውን ነገር ከእስር ለማስፈታት እንደገና ሲከፍል ምን እንደሚሰማው አስቡት። ይህ የዋጋ ልዩነት በዚያው ዓመት ቀርቶ፣ ከ2009 ጀምሮ በዚህ መደብር የሚሸጡ ዘፈኖች በሙሉ ያለ ቁልፍ እንዲሆኑ ተደረገ።

ወደ ንብረት ጥያቄዎ ስንመጣ፣ በአብዛኞቹ መደብሮች የስምምነት ጽሑፍ መሠረት የገዙት ፋይሉን ለግልዎ የማዳመጥ ፈቃድ ነው። ሲዲ ሲሸጡ ዕቃው ከእጅዎ ወጥቶ ወደ ገዢው እጅ ይገባል፤ ፋይል ሲያስተላልፉ ግን በገዢው ኮምፒውተር ውስጥ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል። ሬዲጂ የተባለ ኩባንያ ያገለገሉ የሙዚቃ ፋይሎችን ለማሻሻጥ ሞክሮ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተሸነፈው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ በ2013 ተሰጠ፤ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም፣ የእርስዎን መቶ ዘፈኖች ለመሸጥ አስበው ከሆነ ተስፋ አልሰጥዎትም። አሮጌው ኮምፒውተርዎ አሁንም የሚሠራና ዘፈኖቹን የሚያጫውት ከሆነ ግን፣ መደብሩ ይህን ፈቅዶ እንደነበር ያረጋግጡና ወደ ባዶ ሲዲ ይቅዷቸው፤ ብዙዎቹ የተቆለፉ ፋይሎች ይህን ያህል ይፈቅዱ ነበር። ከእንግዲህ ሲገዙ ደግሞ ያልተቆለፈ ኤምፒ3 ወይም ፍላክ የተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት መሆኑን አይተው ይግዙ፤ በወረደበት ቀንም በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ሙዚቀኞች “የፈለጋችሁትን ክፈሉ” ብለው አልበማቸውን ያወጣሉ። ዜሮ ጽፌ ማውረድ ነውር ነውን? ትክክለኛው መጠንስ ስንት ነው?

መልስ፦ በዚህ አሠራር በጣም የታወቀው ምሳሌ ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 ያወጣው ኢን ሬይንቦውስ የተሰኘው አልበም ነው። ኮምስኮር የተባለው የጥናት ድርጅት ካወረዱት ሰዎች ውስጥ 62 በመቶ የሚሆኑት ምንም አልከፈሉም ብሎ ሲገምት፣ የሙዚቃ ቡድኑ ግምቱን ትክክል አይደለም ብሎ አልተቀበለውም። ለእኔ ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚያስገርመኝ፣ ያው አልበም ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በሲዲ ሲወጣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ መሆኑ ነው። በነጻ ማግኘት የሚችል ሰው ሁሉ ከመክፈል ይሸሻል የሚለው አነጋገር በዚህ ቦታ አልሠራም። ይህ ግን ቀድሞ በዓለም የታወቀ ቡድን እንደነበር አይርሱ፤ ስሙን ማንም የማያውቀው ጀማሪ ያንኑ ቢሞክር ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል ማለት አይደለም።

ዜሮ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ሙዚቀኛው ራሱ ክፍት ያደረገው በር ነው። መጠኑን በተመለከተ፣ ገንዘቡ በማን በኩል እንደሚያልፍ ማየቱ ይረዳዎታል። ባንድካምፕን በመሳሰሉ መደብሮች ገዢው ከተወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ በላይ መክፈል ይችላል፤ መደብሩ ከፋይል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፣ ከክፍያው አገልግሎት ዋጋ በኋላ የቀረው ወደ ሙዚቀኛው ወይም ወደ አሳታሚው ይሄዳል። በእነዚህ ቦታዎች ለአንድ አልበም አምስት ዶላር መክፈል በሌላ መንገድ የበለጠ ከመክፈል ይልቅ ለሙዚቀኛው የተሻለ ሊሆን ይችላል። እኔ በበኩሌ የማላውቀው ሙዚቀኛ ሲሆን መጀመሪያ ዜሮ ጽፌ አወርደዋለሁ፤ ከሳምንታት በኋላ ዘፈኑን ሳላስበው ሳንጎራጉረው ራሴን ካገኘሁት ወደዚያው ገጽ ተመልሼ እንደ አዲስ ገዢ እከፍላለሁ። ገጹ ያው ሰው ሁለተኛ ጊዜ መጣ ብሎ አይከለክልም።