ዘንዶው አትላንታ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ አትላንታ ነው። የጎረቤቴ ልጅ በመስታወት ሣጥን ዘንዶ ያሳድጋል። ሰሞኑን ደግሞ ፍሎሪዳን የወረሩት ዘንዶዎች ወደፊት እስከ የት ሊዛመቱ እንደሚችሉ የሚያሳይ ካርታ አየሁ፤ እኛ ያለንባት ጆርጂያም ቀለም ተቀብታለች። ባለቤቴ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያለ ይስቅብኛል። እውነት እዚህ ይደርሳሉ?
ወ/ሮ ሰ.፣ አትላንታ

መልስ፦ ያዩት ካርታ በፈረንጆች 2008 የወጣው ይመስለኛል። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባለሙያው ጎርደን ሮዳና ባልደረቦቹ የበርማ ዘንዶና (ፍሎሪዳን የወረረው እሱ ነው) የህንድ ዘመዱ በእስያ የሚኖሩባቸውን ቦታዎች የየወሩን ሙቀትና ዝናብ ወሰዱ፤ ከዚያም አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ አየር ያለበትን ሁሉ ቀለም ቀቡ። ቀለሙ የአገሪቱን ሲሶ ያህል ሸፈነ። ካርታው የሚለው «አየሩ ይመሳሰላል» ብቻ ነው፤ ጋዜጦች ግን «ዘንዶው እየመጣ ነው» ብለው አነበቡት።

በዚያው ዓመት ፓይረን፣ ባርብሪንክና ጉዪኸር የተባሉ ተመራማሪዎች በ19 የአየር ንብረት መለኪያዎች ሌላ ካርታ ሠሩ። ለዘንዶው የተረፉት ደቡብ ፍሎሪዳና የቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ ብቻ ሆኑ። ሮዳና ባልደረቦቹ በ2011 መልሰው፣ መለኪያ ማብዛት ካርታውን ያለ አግባብ ያጠብበዋል ሲሉ ተከራከሩ።

የጠባቸው ሥር ብርድ ነው። በሂማላያ ግርጌ የሚኖሩት ዘንዶዎች ብርዱን ጉድጓድ ገብተው ያሳልፋሉ። ለእንስሳት ገበያ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ቆላ የመጣው ዘንዶ ይህን ያውቅበታል ወይ?

አርባ ምንጭ ባዮሎጂ ሳስተምር በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ ገበሬዎች ሙዝ እርሻ ውስጥ ዘንዶ አገኘን ብለው ጠሩኝ። የእኛው አፍሪካዊ ዘንዶ ነበር (እሱም ዛሬ ማያሚ ዳርቻ አለ)። በደረቅ ቅጠል ላይ እንደ እርጥብ ገመድ ተዘርግቷል። ጀርባውን ስነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ፤ ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ሙዙን አልፋ ስትደርስበት ግን ማንንም ሳያይ ቀስ ብሎ ወደ ቦዩ ገባ። ያን ቀን ፀሐይዋ ባትወጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ፍሎሪዳ ላይ የታየው ይኸው ነው።

በጥር 2010 ኤቨርግሌድስ በተባለው የደቡብ ፍሎሪዳ ረግረግ ያልተለመደ ብርድ ወረደ። ተመራማሪዎች የሬዲዮ ማሰራጫ አድርገው ከሚከታተሏቸው አሥር ዘንዶዎች ዘጠኙ ሞቱ። ጉድጓድ መግባት ሲገባቸው ፀሐይ ልንሞቅ ብለው ወጥተው የቀሩም ነበሩ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው። ከአትላንታ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል በሚርቅ የደቡብ ካሮላይና ሥፍራ፣ ኩሬና መሸሸጊያ ጉድጓድ ባለው አጥር ውስጥ ከፍሎሪዳ የመጡ አሥር ዘንዶዎች ተቀምጠው ነበር። የሚበዙት ብርዱን ለረጅም ጊዜ ቻሉ፤ የጥሩን ብርድ ግን አንድም አልተሻገረም። የእርስዎ ከተማ ደግሞ ከዚያ ይበርዳል።

ስለዚህ እኔ ከጠባቡ ካርታ ጋር ነኝ። ያም ሆኖ ባልደረቦቼ ነገሩ ተዘግቷል ሲሉ አልስማማም። በ2018 የወጣ ጥናት ከብርዱ በፊትና በኋላ የተያዙትን የፍሎሪዳ ዘንዶዎች ዘረ መል ሲያነጻጽር ለውጥ አግኝቷል። ብርዱ ደካሞቹን ለቅሞ ከሆነ፣ ከተረፉት የሚወለዱት በየትኛው ካርታ ይለካሉ? ወደ ሰሜን ፍሎሪዳ ቢገፉ አይገርመኝም፤ አትላንታ ቢደርሱ ግን እጅግ ይገርመኛል።

የጎረቤትዎ ልጅ የያዘው፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው የምዕራብ አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ ከሆነ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ቢያመልጥ የአትላንታን ብርድ አይችለውም፤ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ልጁ ሲሰለቸው ጫካ እንዳይለቀው ግን ይንገሩት፤ የፍሎሪዳውም ችግር ከቤትና ከማራቢያ በወጡ እንስሳት ነው የጀመረው። የሣጥኑ ክዳን መቆለፊያ እንዳለውም ይጠይቁት። ዘንዶ ክዳን በራሱ ገፍቶ ይከፍታል፤ የሰው ቤት ሲገባም እንደ ማቀዝቀዣ ጀርባ ያለ ሞቃት ቦታ ይፈልጋል።