ግራፊክስ ካርድ ሳትገዙ የጌም ኮምፒውተር ልትገጣጥሙ ላሰባችሁ ወገኖች

ወገኖቼ፣ ባዕድ ሀገር ገብታችሁ ኑሮ ገና ሳይደላደል ገንዘባችሁን የጌሙን ምስል በሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ላይ አትጨርሱ። ያለ ካርድም ጌም መጫወት ይቻላል። እንዲህ ስል በመብራት የሚብለጨለጨውን ዝግጁ ኮምፒውተር ከሱቅ አንሱ ማለቴ አይደለም፤ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ቺፕ መርጣችሁ ራሳችሁ ገጣጥሙ ነው የምለው። ልጆቻችሁ «የጌም ኮምፒውተር ግዙልኝ» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ላሳጧችሁ ወላጆችም ምክሩ ይሠራል።

ብዙ ሰው አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ሲባል የሚታየው ደብዳቤ የሚጻፍበት የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5ም ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ያሉት በአንድ ቺፕ ላይ ነው፤ ቺፑንም የነደፈው ኤኤምዲ የተባለው የቺፕ ኩባንያ ነው። ሶኒ ግን ግራፊክሱን አስፍቶ፣ በሰከንድ 448 ጊጋባይት የሚያመላልስ ጂዲዲአር6 የተባለ ፈጣን ሜሞሪ ጨመረለት። እናንተ የምትገዙት ቺፕ የራሱ ሜሞሪ የለውም። ምስሉን የሚሠራው ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ተበድሮ ነው። ስለዚህ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ግማሹ ግራፊክስ ካርድ ራሙ ነው ብላችሁ አስቡ፤ ገንዘባችሁንም በዚያው ልክ መድቡ።

ሒሳቡን እንየው። ፍጥነቱ 3200 የሆነ አንድ ፍሬ ዲዲአር4 ራም በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል። ሁለት ፍሬ ስትሰኩ 51.2 ይሆናል። 6000 የሆነ ዲዲአር5 በሁለት ፍሬ 96 ይደርሳል። አንድ ባለ 16 ጊጋ የሰካ ሰውና ሁለት ባለ 8 የሰካ ሰው በወረቀት እኩል ናቸው፤ ጌሙ ሲከፈት ግን የመጀመሪያው ሰውዬ ቺፑን በግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚያሠራው። ሻጩ «አሁን አንዱን ውሰድ፣ ሌላውን በኋላ ትጨምራለህ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። «ዲዲአር5 ለብቻውም ሁለት ቻነል ነው» የሚልም ይገጥማችኋል፤ ቻነል ማለት ዳታው የሚመላለስበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ በውስጡ ለሁለት መከፈሉ እውነት ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ተደምረው ግን የሚሰጡት ያንኑ የአንድ ፍሬ ስፋት ነው። ሁለት ፍሬ ግዙ፣ አለቀ።

ገዝታችሁ ስትሰኩም ቦታው ወሳኝ ነው። ማዘርቦርዱ አራት የራም ማስገቢያ ካለው፣ በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚገባው፤ የቦርዱን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ግቡና ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራውን፣ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብሩ። ይህን ካላደረጋችሁ 6000 ብላችሁ የከፈላችሁበት ራም በ4800 እየሠራ ሊከርም ይችላል። ይህን ሳያውቁ ወራት የሚያሳልፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ጥፋቱንም ቺፑ ላይ ያላክካሉ። እዚያው ባዮስ ውስጥ ለግራፊክሱ ምን ያህል ራም እንደሚለይለት የሚወስን ቦታ አለ። ግራፊክሱ ሲቸግረው ከቀረው ራም ላይ ራሱም ይበደራል፤ አንዳንድ ጌም ግን የተለየለትን መጠን ብቻ አይቶ «ሜሞሪህ አይበቃም» ይላል። 2 ወይም 4 ጊጋ ስጡት። ከ16 ላይ 4 ከሰጣችሁት ለዊንዶውስና ለጌሙ የሚቀረው 12 ነው፤ አቅም ካላችሁ 32 መግዛት የምመርጠው ለዚህ ነው።

ወደ ቺፑ ስንመጣ፣ እንደኔ ምርጫው ሁለት ነው። ጥብቅ በጀት ላለው የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ጂ፤ ትንሽ ለሚዘረጋ ራይዘን 5 8600ጂ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለው፣ ቬጋ የተባለውን ግራፊክስ የያዘ፣ ኤኤም4 ሶኬት ላይ የሚገባና ዲዲአር4 የሚጠቀም ነው። ሁለተኛው በ2024 መጀመሪያ የወጣ ሲሆን ራዲዮን 760ኤም የሚባል አዲስ ግራፊክስ አለው፣ ኤኤም5 ላይ ይገባል፣ ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚቀበለው። 8700ጂ የሚባል ታላቅ ወንድምም አለው። 8600ጂ ስምንት የግራፊክስ ክፍል ሲኖረው እሱ አሥራ ሁለት አለው፤ የሚመገበው ግን ከዚያው ራም ነው። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሮ ስምንት አካፋ እንደማደል ስለሆነ ለጌም ብቻ ከሆነ ተጨማሪውን ገንዘብ አልከፍልበትም። 8500ጂ ደግሞ በስም ለ8600ጂ የቀረበ ቢመስልም ያለው አራት ክፍል ብቻ ነው። በቁጥሩ መቀራረብ አትታለሉ።

የፊደሉን ነገር ልብ በሉ። ከቁጥሩ በኋላ ኤፍ ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የለውም፤ የኤኤምዲዎቹ 8400ኤፍና 8700ኤፍም እንደዚያው። ካርድ ከሌላችሁ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጂ የሌለው ራይዘን 5 5600ም ምስል አያወጣም። ራይዘን 5 7600 ያወጣል፣ ግን ለዴስክቶፕና ለቪዲዮ የሚበቃ እንጂ ለጌም የታሰበ አይደለም። ኮር አይ5 12400ም እንደሱ ነው።

የምትጠብቁትን ነገር ደግሞ በልኩ አድርጉት። ቫሎራንት፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ ሮኬት ሊግና ጂቲኤ 5 ቅንብሩን ዝቅ አድርጋችሁ በ1080 የስክሪን ጥራት ደህና አድርገው ይሄዳሉ። ከባድ አዳዲስ ጌሞች ግን ወይ ወደ 720 መውረድ፣ ወይ ኤፍኤስአርን ማብራት ይጠይቃሉ፤ ኤፍኤስአር ጌሙን በትንሽ ጥራት ሠርቶ ምስሉን የሚያሳድግ የኤኤምዲ ዘዴ ነው። በ5600ጂ ላይ ጭራሽ የማይከፈቱም አሉ። በ2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌምና በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ በሃርድዌር የሚሠራ ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጉዞ አስልቶ ምስል የሚሠራ ዘዴ) ግድ ይላሉ፤ ቬጋ ደግሞ ያ የለውም። ከ2023 ወዲህም ኤኤምዲ ለቬጋ የሚያወጣውን የድራይቨር (ግራፊክሱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ማሻሻያ ቀንሷል። 5600ጂን የምመክረው የቆዩና ቀለል ያሉ ጌሞች ለሚበቁት ሰው ነው።

«ለጊዜው በዚህ ልቆይና ከጥቂት ወራት በኋላ ካርድ እገዛለሁ» ለምትሉ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ጂ ያለውን ተዉት። 5600ጂ ያለው ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) 16 ሜጋባይት ነው፣ ተራው 5600 ግን 32 አለው፤ ካርድ ሲገባበትም 5600ጂ በፒሲአይኢ (ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚገናኙበት መንገድ) 3 ሲቀር ሌላው ፈጣኑ በሆነው በ4 ይሠራል። 8500ጂ ለካርድ የሚሰጠው የዚህ መንገድ መስመር አራት ብቻ ነው፣ 8600ጂ ስምንት። ስለዚህ ጥቂት ታግሳችሁ ተራውን 5600 ካገለገለ ካርድ ጋር አንድ ላይ ብትገዙ ይሻላችኋል። ኤፒዩ፣ ማለትም ጠንካራ ግራፊክስ አብሮ የተሠራበት ቺፕ፣ የሚያዋጣው አንድ ሁለት ዓመት ያለ ካርድ ለመኖር ለቆረጠ ሰው ነው።

ያገለገለ ዕቃ ከግለሰብ ስትገዙ ፕሮሰሰርና ራም ብዙም አያሰጋም። የኤኤም4 ፕሮሰሰር እግሮቹ ያሉት ራሱ ላይ ስለሆነ የተጣመመ እንዳይኖር ገልብጣችሁ እዩ። በኤኤም5 እግሮቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው፣ ሶኬቱን በመብራት መርምሩ። ከተቻለ ተሰክቶ ባዮስ ሲከፍት ሳታዩ አትክፈሉ። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን አልመክርም፤ እሱን አዲስ ግዙ። እነዚህ ቺፖች 65 ዋት የሚባሉ ስለሆኑ ጥሩ ስም ያለው ባለ 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው፣ ከቺፑ ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣም ይበቃል።

ከሀገር ወደ ሀገር ለምንዘዋወር ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የትም ብትሄዱ የሚቀየረው የኃይል ገመዱ ብቻ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ያለው ርካሽ ዓይነት ግን አደገኛ ነው፤ 115 ላይ እንዳለ 230 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል።

ማዘርቦርድ ስትመርጡ ከኋላው ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት መኖሩን እዩ፤ ኬብሉ የሚሰካው እዚያ ነው። ለ5600ጂ ኤ520 ወይም ቢ550 በቂ ነው። የቆየ ቢ450 ካገኛችሁ ባዮሱ መታደሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካልታደሰ ቺፑን ላያውቀው ይችላል። ኤኤም5ን ግን ኤኤምዲ ቢያንስ እስከ 2027 እደግፋለሁ ስላለ ነገ ቦርዱን ሳትጥሉ ፕሮሰሰር መቀየር ትችላላችሁ።

ቤታችሁ ጠባብ ከሆነና ኬዝ ተሸክሞ መግባት መውጣት ካሰለቻችሁ፣ ራይዘን 7 7840ኤችኤስ ወይም 8845ኤችኤስ የገባበት ሚኒ ፒሲ አለ፤ ሁለቱም ራዲዮን 780ኤም አላቸው። ካርድ የሚገባበት ቦታ በአብዛኞቹ ላይ አይኖርም። ከመግዛታችሁ በፊት ራሙ ተነቃይ ነው ወይስ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ተነቃይ ከሆነስ አንድ ፍሬ ነው ወይስ ሁለት ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ፍሬ ከሆነ የሁለተኛውን ዋጋ ደምራችሁ አወዳድሩ።